ስድብ የጎደለው ገጽ

ሰኔ 3 ቀን 2000፣ ጅቡቲ

ሙቀቱ ገባ። ገና በጠዋቱ የኢንተርኔት ቤቱን ኮምፒውተሮች በእጅ መንካት አይቻልም። መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ። የቤቱ ባለቤት ጀዋሪያ በር ላይ ቆማ «ኡሙልኸይር፣ ይሄ ነገር አንድ ቀን ይቃጠላል» ብላ ሄደች። በየሳምንቱ ትለዋለች። እኔም በየሳምንቱ «ኢንሻላህ አይቃጠልም» እላታለሁ።

ጋሽ ባንቴ መጣ። (እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ አንቱታ አፌ ላይ አይቀመጥም። መጀመሪያ ሰሞን ተቆጥቶ ነበር፣ በኋላ ተወኝ።) ድሮ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ጋላፊ መንገድ ላይ ተገልብጦ እግሩ ከተሰበረ ወዲህ ፒካ ዱዝ፣ የከባድ መኪኖች ማቆሚያው ውስጥ ጥበቃ ነው። ማንበብ ይችላል፤ ኪቦርዱን ግን «የዝንብ ሠፈር» ብሎ አይነካውም። እሱ ይናገራል፣ እኔ እተይባለሁ። ብሎጉን «ከኋላ የሚነበብ» ብሎታል። ሹፌሮች መኪናቸው ኋላ ላይ የሚጽፉትን ጥቅስ እያነሳ ባለቤቱን መስደብ ነው ሥራው። የዛሬው ይኸው፦

«ዛሬ አንድ ደነዝ ከአዳማ ገባ። ከኋላው ‹ምቀኛ አታሳጣኝ› ብሏል። ጎማህ ክር አውጥቶ፣ ስፖንዳህ በሽቦ ታስሮ፣ ማን ነው የሚመቀኝህ? መጀመሪያ ጎማ ለውጥ፤ ምቀኛው ራሱ ይመጣል።»

ድምፁ ሻክሯል። «አቧራ ነው» አለ።

ሰኔ 6፣ ዓርብ

ዓርብ የቤት ሠራተኞቹ የዕረፍት ቀናቸው ነው። ከሆዳን፣ ከጋቦዴ፣ ከየአሠሪዎቻቸው ቤት ተሰብስበው ይመጣሉ። ይጮሃሉ፣ ፎቶ ይልካሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይስቃሉ። ከሰዓት ጫት ሲገባ ደግሞ ከተማው በሙሉ ጋደም ይላል፤ ቤቱ ለኔና ለቬንቲላተሩ ይቀራል። ያኔ ብሎግ አነባለሁ።

አቦ፣ ስንት ዓይነት ሰው አለ! ቤሩት ያለች አንዲት ልጅ ስለምትወለውላቸው ወለሎች ብቻ ትጽፋለች። እብነ በረድን አትወደውም። «ሲጸዳ አያመሰግንም፣ ሲቆሽሽ ያሳጣል» አለች። ስቶክሆልም ያለ ጎንደሬ አለ፤ መንገድ ላይ የወደቀ ጓንት ፎቶ እያነሳ ይለጥፍና ከሥሩ «ግራ» ወይም «ቀኝ» ብሎ ይጽፋል። ከዚህ ሌላ አንድ ቃል ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። እኔ ግን አዲስ ጓንት ካላየሁ ቅር ይለኛል። ካርቱም ያለው የሒሳብ አስተማሪ ከጎረቤቱ አውራ ዶሮ ጋር ስላለው ጠብ ዓመት ሙሉ ጻፈ። ዶሮው ሲታረድ ደግሞ ረጅም ይቅርታ ጻፈለት። ወላሂ እንባዬ መጣ፣ ለዶሮ!

ገጾቻቸው ደግሞ ጉድ ናቸው። ጥቁር ላይ ቢጫ ፊደል፣ የሚያብለጨልጭ ጽጌረዳ፣ ሳይጠየቅ የሚዘፍን፣ ከተከፈተ ጀምሮ «በግንባታ ላይ ነው» የሚል። ማንም አላዘዛቸው፣ ማንም አያርማቸው። ስማቸው ቢደበቅ እንኳ አንድ መስመር አንብቤ ማን እንደሆነ አውቃለሁ።

እኔ ብሎግ የለኝም። ምን ልጽፍ? መብራት ሄደ፣ መብራት መጣ።

ሰኔ 14

የጋሽ ባንቴ ድምፅ ጠፋ። ጨርሶ። አሸናፊ ጭኖት መጣ። አሸናፊ የሞጆ መስመር ሹፌር ነው፤ ጽሑፎቹን አሳትሞ ወስዶ ፒካ ዱዝ ላይ ለሹፌሮቹ ጮክ ብሎ የሚያነብላቸው እሱ ነው። ከዚህ ወደ ሆስፒታል ወሰደው።

ጋሽ ባንቴ ከመኪናው ሳይወርድ በጣቱ ጠራኝ። ጆሮዬን አፉ ላይ ካላስጠጋሁ አይሰማም። «ለሰብሊ እንዳትጽፊ» አለኝ።

ሰብሊ ልጁ ናት፣ ናይሮቢ ትሠራለች። ትንሽ ልጅ ሳለች እሷንና እናቷን ጥሎ ወደዚህ መጣ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ምን አገባኝ። አምና ብሎጉን አገኘችው። አትደውልም። በየጽሑፉ ሥር ግን «አነበብኩት። ሰ.» ብላ ትጽፋለች። በቃ፣ ያቺው ናት። ጋሽ ባንቴ ያቺን ለማየት ነው በዚያ እግሩ ሚኒባስ ተጋፍቶ ቡላኦስ፣ እኔ ጋ ድረስ የሚመጣው። ሲጠይቁት «ለሹፌሮቹ ነው የምጽፈው» ይላል።

ሰኔ 19

ሥራ በዛ። ጀነሬተሩ ጭስ። ጋሽ ባንቴ አልጋ ያዘ። ሐኪሙ ለአሸናፊ የነገረውን አሸናፊ ለኔ ግማሹን ነገረኝ። ጉሮሮው ውስጥ እባጭ አለ አለ። ሌላውን ግማሽ ከፊቱ አነበብኩት።

ሰኔ 25

ሰብሊ ጻፈች። «ዝም አልክ።»

ገጹን ዘጋሁት። ከፈትኩት። ዝም አልክ ይላል፣ አሁንም።

አንድ ብቻ ልጽፍላት ብዬ ተቀመጥኩ፤ ልቧ እንዲያርፍ። የእሱን አነጋገር እንደሆነ ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም። አሸናፊ «የእናት ምርቃት» የሚል መኪና መግባቱን ነግሮኝ ነበር። እዚህ ላይ መሳደብ ነበረብኝ። «የመረቀችህስ ፍሬን አሠራ ብላ ነው» ምናምን ይል ነበር እሱ። እጄ እምቢ አለኝ። ልጅቷ ሩቅ አገር ሆና የአባቷን ደኅንነት ስትጠብቅ እኔ ቁጭ ብዬ የሰው ሹፌር ልሳደብ? «እናቱ የመረቀችው ሰው መንገዱ ይቀናዋል። እኔም ዛሬ የመረቁኝን ሁሉ አሰብኩ» ብዬ ለጠፍኩት።

ሰኔ 26

«አነበብኩት። ሰ.»

ይኸው። ማን ተጎዳ?

ሰኔ 28

ሳስበው ነው የዋልኩት። ሰው አገር ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም። ይሄን እኔ አላወጣሁትም። መርዶ እንኳ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ የሚደግፍ ሰው ከጎን ተቀምጦ ነው የሚነገረው። እንዴት ያለ ሰው ነው ብቻዋን ቢሮ ለተቀመጠች ልጅ በኮምፒውተር «አባትሽ ታሟል» የሚላት? እሱም ራሱ አትጻፊ ብሏል። አትጻፊ ያለው መታመሙን ነው። ሌላውን አላለም።

ሐምሌ 5

ትናንት ሌላ ለጠፍኩ። አሸናፊ ጽሑፉን ሊያሳትም መጣ። አነበበው። ጀርባውን ገልብጦ አየ፣ ሌላ ነገር ያለ ይመስል።

«ሹፌሮቹ ‹ሽማግሌው መነነ እንዴ?› እያሉኝ ነው» አለ። «ሳይሰደቡ ምሳ አይበላላቸውም።»

«ታሞ ነዋ» አልኩት። «ሰው ሲታመም ይለሰልሳል።»

«ትናንት አይቼዋለሁ፣ ኡሙ። ነርሷን በምልክት ሲሰድባት ነበር።»

ሳቅን። ወረቀቱን ግን አልወሰደም። ጠረጴዛው ላይ ትቶት ሄደ።

ሐምሌ 11፣ ዓርብ

በጠዋት ስለ ባሕሩ ጻፍኩ። ወደብ ጋ ስለሚቆም አንድ አዛውንት፣ መርከቦቹ የሚሄዱበትን አቅጣጫ እያየ ልጁን ስለሚያስብ። ጋሽ ባንቴ ባሕር አይወድም፤ «የማይጠጣ ውኃ ምን ያደርጋል» ነው የሚለው። ጥሩ አድርጌ ነው የጻፍኩት ግን። እውነቱን ለመናገር በጣም ጥሩ ነው።

ከሰዓት መልስ መጣ። «አባዬ፣ ዛሬ ሥራ ቦታ አለቀስኩ። ሰብሊ።»

አባዬ። እንዲህ ብላው አታውቅም። ስሟንም ሙሉውን ጻፈች።

ሻይ አፍልቼ ረሳሁት። ሁለት ደንበኛ መጥቶ ሳላስተናግደው ሄደ። ገጹን ስንት ጊዜ እንደከፈትኩት ኮምፒውተሩ ይወቀው። ደስ አለኝ። ለእሱ ማለቴ ነው።

ሐምሌ 12

ሆስፒታል ሄድኩ። ጋሽ ባንቴ ከስቷል፤ ዓይኑ ግን ያው ነው፣ ጠብ የሚፈልግ። ላስደስተው ብዬ «ሰብሊ ጽፋለች» አልኩትና አነበብኩለት። አባዬ የምትለዋ ላይ ስደርስ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ጠራኝ፣ ጎንበስ አልኩ።

«ምን ብያት ነው?»

እዚህ ላይ መሸሽ ነበረብኝ። አልሸሸሁም፤ ጽሑፉ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አነበብኩለት። ባሕሩን፣ አዛውንቱን፣ መርከቡን። ስጨርስ ጣሪያውን ያይ ነበር።

«ጥሩ ሰው ነው» አለኝ። «ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር።»

ወደ ግድግዳው ዞረ። አጥፊው ግን አላለኝም።

ሐምሌ 16

አጥፊው አላለኝም። ስለዚህ አንድ ሌላ ጻፍኩ። አጭር ነው። ስለ ይቅርታ።

ሐምሌ 18

ምንም። «አነበብኩት» እንኳን የለም።

ሐምሌ 19

ምንም። ኔትወርኩ ይሆናል። ናይሮቢም መብራት ይጠፋል ይባላል።

ሐምሌ 20

እንዳለ እገለብጠዋለሁ።

«ጽሑፎቹ አምረዋል። እናቴ የሞተች ጊዜ ወሬውን ደብቀውኝ፣ ስምንት ወር ሙሉ ‹ደህና ናት፣ ትስምሻለች፣ ወፍራለች› እያሉ ይጽፉልኝ ነበር። ያኔም ወሬው እንዲህ ያምር ነበር። እኔ ሰላምታውን እሷ የላከችልኝ መስሎኝ ለሬሳ ስጦታ ገዝቼ ላክሁ። የማውቀው አባቴ ሰው ሳይሰድብ ውሎ አያድርም። ይሄን የምትጽፈው አንተ ማነህ? አባቴ አለ?»

ሐምሌ 21

አልመለስኩላትም። ብሎግ ላነብ ከፈትኩ። የጓንቱ ሰውዬ አዲስ ለጥፏል። «ግራ።» አላስደሰተኝም። የወለሏ ልጅ ስለ አንድ ሳሎን ጽፋለች፤ አንድ መስመር እንዳነበብኩ እሷ መሆኗን አወቅኩ። ለካ ሰብሊም እንደዚሁ ነው ያወቀችው። አቦ፣ እንዴት አላሰብኩትም? ስለ ሰው ሁሉ አውቃለሁ እያልኩ!

ለሬሳ ስጦታ ላክሁ ትላለች።

ጀዋሪያን አማከርኳት። ሶማሌ ናት፤ አማርኛውን ድሬዳዋ እያለች ነው የለመደችው። «ዝም በያት» አለችኝ። «ደህና ነው በያት። መጥታ ምን ልታደርግ ነው? እኛ ቤትም እንደዚህ ነው የሚደረገው።» የዛሬ ወር እኔም ይህንኑ ነበር የምለው። ከሷ አፍ ስሰማው አስጠላኝ።

ሐምሌ 22

እሄዳለሁ ብዬ አልሄድኩም። ደንበኛ በዛ ብዬ። ደንበኛ አልበዛም።

ሐምሌ 23

ሄድኩ። የሰብሊን ቃል ከላይ እስከ ታች አነበብኩለት። ስለ እናትየዋ ሲሰማ አላውቅም ነበር አለ በዓይኑ። ስትሞት እሱም አልተነገረውም ማለት ነው። እሱንም ደብቀውታል።

ከዚያ ያ ከስቶ የቀረ እጁ ክንዴን ያዘው፣ ያማል አያያዙ። ጎንበስ አልኩ።

«ቀጣፊ» አለኝ። «አንቺ ማር የተቀባሽ ቀጣፊ። አባዬ ያለችው አንቺን ነው።»

ስንቱን ሹፌር ሲሰድብ አብሬው ስተይብ ኖሬ እኔን ሲሰድበኝ ይሄ የመጀመሪያው ነው። አፈርኩ። «አዎ» አልኩት። «ጣፈጠኝ፣ ጋሼ። እኔን እንዲህ ብሎ የሚጠራኝ ሰው የለም።» ይሄን ለምን እንዳልኩት አላውቅም።

ቆይቶ «ጻፊ» ብሎ በእጁ አሳየኝ። ወረቀት አልነበረም፤ የመድኃኒቱን ካርቶን ቀደድኩ። እያረፈ፣ እየሳለ፣ ጆሮዬ ውስጥ እየነፈሰ ነገረኝ።

ሐምሌ 24

ለጠፍኩት። ይኸው፦

«ያለፉትን የጻፈችው ኡሙልኸይር ናት። እሷ ጨዋ ናት፤ እኔ አይደለሁም። አለሁ። ጉሮሮዬ ውስጥ አንድ የማይረባ ነገር በቅሏል፣ አይነቀልም አሉ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ ፈገግ ይላል፤ ፈገግ የሚል ሐኪም አይመቸኝም። አጠገቤ የተኛው ሰውዬ ሲያንኮራፋ ማርሚታው የተበሳ ኤንትሬ መኪና ነው። ጀርባው ላይ ‹አትቅደመኝ› ብዬ ብጽፍበት ደስ ይለኛል። ሰብሊ፣ የእናትሽን ሞት ዛሬ ነው የሰማሁት። መምጣት ከፈለግሽ ነይ። ካልፈለግሽ ቅሪ፣ አልፈርድብሽም። ብርቱካን እንዳታመጪ። መዋጥ አልችልም፣ ሌላው ሲበላ ማየትም አልፈልግም።»

ስተይብ እጄ ሊያርም ስንት ጊዜ ተነሳ። «የማይረባ ነገር» የሚለውን «ሕመም» ላደርገው ነበር። «ቅሪ» የሚለውን ላወጣው ነበር። ተውኩት። አሸናፊ ጽሑፉን ሳልነግረው ራሱ አሳትሞ ይዞ ሄደ።

ሐምሌ 25

«ይሄ እሱ ነው። ቪዛ እየጠየቅኩ ነው። ሰ.»

ለኔ ምንም አላለችም። ምን ትበለኝ።

ሐምሌ 27

ከአሸናፊ፦ ፒካ ዱዝ ላይ ሦስቴ አስነበቡት አለ። በሳቅ ሞቱ፣ ከዚያ አንዱ ማልቀስ ጀመረ።

ጋሽ ባንቴ ብሶበታል። ትንፋሹ እያነሰ ነው። ትደርስ ይሆን? ሌላ ሐሳብ የለኝም፤ ሰው ሂሳብ ሲጠይቀኝ «ትደርሳለች?» ልለው እደርሳለሁ።

ሐምሌ 30

ደረሰች።

አሸናፊ ከአውሮፕላን ማረፊያ ይዟት መጣ። ረጅም ናት፣ ግንባሯ ቁርጥ የሱ። ትንሽ ሻንጣ፤ ብርቱካን የለም። ቤቱን አየችው፣ ኮምፒውተሮቹን፣ ጀነሬተሩን፣ ከዚያ እኔን።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ትልቅ ሰው መስለሽኝ ነበር» አለች። ወንበር ሰጠኋት፣ አልተቀመጠችም። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት «አሁን አይደለም፤ ውሰጂኝ» አለችኝ።

ሆስፒታል መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ከአልጋው ራቅ ብላ። አልሳመችውም። እሱም እጁን አልዘረጋላትም። ተያዩ። እኔ መሐል ላይ ቆሜ የምገባበት ጠፋኝ።

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። እሷ ምንም አልሰማችም፣ ወደኔ ዞረች። ጎንበስ ብዬ ሰማሁና «ወፍረሻል አለ» አልኳት፣ እንዳለ። የግድ ፈገግ አለች። እሱም ፈገግ ያለ መሰለኝ፣ ግን ከንፈሩ ደርቆ ነበር።

ከዚያ ፈገግታዋ ሄደ።

«ለምን ጥለኸን ሄድክ?» አለችው። ጮክ ብላ አይደለም። አውሮፕላኑ ላይ ስትለማመደው የመጣች ይመስላል። «ሌላ ምንም አልፈልግም። ይሄን ብቻ ንገረኝ።»

ጣሪያውን አየ። አጠገቡ የተኛው ሰውዬ ያንኮራፋል። ጋሽ ባንቴ በጣቱ ጠራኝ። ጎንበስ አልኩ፣ ነገረኝ። ብዙ አይደለም የነገረኝ።

ቀና እስክል ድረስ አፌ ላይ ሌላ ነገር ተሰናድቶ ነበር፣ ወላሂ ሳላስበው። ችግር ነበር የሚል፣ ዘመኑ ነበር የሚል፣ ልጄን ያላሰብኩበት ቀን የለም የሚል። ሁለቱም ያርፉ ነበር። እሱም ድምፅ የለው፣ አይክደኝም። ሰብሊ አፌን አፌን ታያለች። እሱ ደግሞ እኔን ያያል።

«እዚህ ይቀለኝ ነበር አለ» አልኳት። «እናንተ ጋ ሰው መሆን ነበረብኝ፣ ከበደኝ፣ እዚህ ይቀለኝ ነበር አለ። ሌላ ምክንያት የለኝም አለ።»

ወለሉን አየች። የምትነሳና የምትሄድ መስሎኝ ነበር፤ ብትሄድም አልፈርድባትም።

«ድገሚው» አለችኝ።

ደገምኩት። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

ተነሳች። ወንበሩን ጎትታ አልጋው ድረስ አመጣችው፣ እኔ የቆምኩበት ድረስ።

«እስቲ ዞር በይልኝ» አለችኝና ጆሮዋን አፉ ላይ አደረገች።

ዞር አልኩላት።